ትንሹን ወታደር ለመቁረጥ አትፍሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በመዝናኛ ዓምዳችሁ ስለ ጦርነት ጨዋታ ሚኒየቸሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ እያለኝ አነበብኩት። ድራጎኑ፣ አጽሙ ተዋጊ፣ የጠፈር ወታደሩ ሁሉ ሰፊ ቦታ አግኝተዋል። ፎቶዎቹም ጥርት ብለው ወጥተዋል። ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማይበልጥ ምስሎች በጋዜጣ ላይ እንዲህ ተከብረው ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ጸሐፊውን ከልብ አመሰግናለሁ።

አንድ አንቀጽ ግን እረፍት ነሳኝ። ጸሐፊው ምስልን ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣ ፑቲ (እንደ ሊጥ ታሽቶ የሚቀረጽ፣ ኋላ የሚጠነክር መሙያ) ለጥፎ መለወጥ ጊዜው አልፎበታል ይላሉ። ዛሬ የሚፈልጉትን አቋም በኮምፒውተር መርጦ ጠጣር ቅርጽ በሚያወጣው ስሪዲ ፕሪንተር ማተም ይቻላል፤ ስለዚህ ጀማሪ ጊዜውን ሁሉ በቀለም ላይ ያውል፣ ነው ምክራቸው። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ጀማሪ ቀለም ከመግዛቱ በፊት እንኳ አንድ ምስል ቆርጦ ማየት አለበት ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ደብዳቤዬ ትንሽ ቢረዝም ታገሡኝ።

ሥራዬ የጥርስ ቴክኒሻንነት ነው። ሐኪሙ የለካውን ተቀብዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ቀን ቀን ከሰም፣ ከጂፕሰም፣ ከአክሪሊክና ከሴራሚክ ጋር ነው የምውለው። ማታ ደግሞ ከጠፈር ወታደሮችና ከጭራቆች ጋር አመሻለሁ። ሁለቱ ሥራዎች ከምትገምቱት በላይ ይቀራረባሉ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሚኒየቸር ቀራጮች በጣም ከሚወዷቸው መሣሪያዎች አንዱ የእኛው የሰም መቅረጫ ነው። አንዱ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ሾል ያለ ትንሽ የብረት ዘንግ ነው። እኔ በእሱ ቀን የመንጋጋ ጥርስ እቀርጻለሁ፤ ማታ የካባ እጥፋት አወጣለሁ።

በመጀመሪያ ይህ መዝናኛ ራሱ ከመለወጥ የተወለደ መሆኑ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የድራጎንና የጭራቅ ምስል እንደልብ የሚገኝ ነገር አልነበረም። በብዛት የሚሸጡት የታሪክ ወታደሮች ነበሩ፤ የናፖሊዮን ዘመን እግረኛ፣ የመካከለኛው ዘመን ፈረሰኛ። ምናባዊ ጦርነት መጫወት የፈለገ ሰው ያገኘውን አንስቶ መለወጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ምናባዊ የሚና ጨዋታ ከዴቭ አርነሰን ጋር ያወጣው አሜሪካዊው ጋሪ ጋይጋክስ ያደረገውም ይህንኑ ነው። በሆንግ ኮንግ የተሠሩ ርካሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችን ከከረጢት እያወጣ ጭራቅ አድርጎ ያጫውትባቸው ነበር። በጨዋታው ዝነኛ ከሆኑት ፍጡራን መካከል ብረት የሚያዝገው ጭራቅና ግማሽ ጉጉት ግማሽ ድብ የሆነው አውሬ የመጡት ከእነዚያ አሻንጉሊቶች ነው። ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ቁራጭ ፕላስቲክ የሚሊዮኖችን ምናብ ያዘ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

እንግሊዝም ውስጥ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የጨዋታና የሚኒየቸር ድርጅቱ ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። የጦርነት ጨዋታው ዋርሃመር በ1983፣ የወደፊቱን ዘመን የሚያሳየው ዋርሃመር 40,000 ደግሞ በ1987 ወጣ። በዚያ በመጀመሪያው ዘመን ለጠፈር ጦሩ የሚሆን ተሽከርካሪ እንደዛሬው በየዓይነቱ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ከባዶ የዲኦድራንት ዕቃ ተንሳፋፊ ታንክ እንዴት እንደሚሠራ ለተጫዋቾች ይታተምላቸው ነበር። ዕቃውን በጎኑ አስተኝቶ፣ ላዩ ላይ መድፍና ጥቃቅን ክፍሎች ለጥፎ፣ ቀለም መቀባት ነው። በዚያው ዘመን የፊልም ሞዴል ሠሪዎችም ከታንክና ከአውሮፕላን ሞዴል ሳጥኖች ቁርጥራጭ እየለቀሙ የጠፈር መርከቦቻቸውን ገላ ይሸፍኑ ነበር። ያየናቸው ግዙፍ መርከቦች ግዙፍ የመሰሉን በእነዚያ ጥቃቅን ቁርጥራጮች ምክንያት ነው። ዓይን ዝርዝር ሲበዛበት ነገሩን ትልቅ አድርጎ ያነበዋል።

ታሪኩን እዚህ ላይ ልተወው። ዋናው ጉዳዬ ሌላ ነው።

መቁረጥ ማየትን ያስተምራል። ተዘጋጅቶ የመጣ ምስል ስትቀቡ አቋሙን ሌላ ሰው አስቦላችኋል። እግሩ ለምን እዚያ እንደቆመ አትጠይቁም። መጋዝ ስታነሱ ግን ጥያቄው የእናንተ ይሆናል። ይህ ሰው በየትኛው እግሩ ላይ ነው የተደገፈው? ወዴት ነው የሚያየው? ከአፍታ በፊት ምን ሰማ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳታገኙ አንድ ሚሊሜትር መቁረጥ አትችሉም።

ሥዕል የተማረ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ሰው በአንድ እግሩ ላይ ተደግፎ ሲቆም፣ ከጉሮሮው ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ክብደት ከተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት በላይ ትውላለች። ከዚያች ቦታ ክር ብታንጠለጥሉ ቀጥ ብሎ እዚያው እግር ላይ ይወርዳል። በዚያ እግር በኩል ዳሌው ከፍ ይላል፤ ትከሻው ደግሞ ዝቅ ይላል። መስታወት ፊት ቆማችሁ ሞክሩት። የተለወጠ ምስል አይቶ አንድ ነገር ደስ ያላለው፣ ግን ምን እንደሆነ መናገር ያቃተው ሰው ብዙ ጊዜ ያየው ይህንን ጉድለት ነው። ቀለሙ ውብ ነው። ሰይፉ ያብረቀርቃል። ሰውዬው ግን ሊወድቅ ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን አንድ ምስል ልግለጽላችሁ። በሳጥን የሚመጣ ተራ የፕላስቲክ የጠፈር ወታደር ነበር። ሁለት እግሩን አንፈራጥጦ፣ ጠመንጃውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ፊት ለፊት ያያል። እንደሱ ያለ በየሳጥኑ ሞልቷል። እኔ የፈለግሁት ከበስተኋላው ድምፅ የሰማ ዘብ ነበር። ገና አልተኮሰም። ገና አልዞረም። ሰማ፤ በቃ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የምስሉን ራስ ብቻ ቆርጦ ያዞራል። ራስ ብቻውን ሲዞር ግን ምስሉ ክዳኑ የተጠመዘዘ ጠርሙስ ይመስላል። ሰው ድንገት ወደኋላ ሲያይ ራሱ ብዙ ይዞራል፣ ትከሻው ትንሽ ይከተላል፣ ወገቡ ደግሞ ከትከሻውም ያነሰ። ስለዚህ ሁለት ቦታ መቁረጥ ነበረብኝ። አንገቱን ከኮሌታው ሥር ቆረጥኩ። ወገቡን ቀበቶው ላይ ቆረጥኩ። ቀበቶ ለዚህ ሥራ ምርጥ ቦታ ነው፤ መገጣጠሚያውን ራሱ ይደብቅላችኋል። የትጥቅ ጠርዝ፣ የጓንት አፍ፣ የቦት ጫማ አፍም እንዲሁ ናቸው። ልብስ ከልብስ፣ ብረት ከብረት በሚገናኝበት ቦታ ቁረጡ።

ወገብ በቢላዋ አይቆረጥም። ቢላዋ ፕላስቲኩን ወደ ጎን እየገፋ ይጨፈልቀዋል፤ አንሸራቶም ጣት ይበላል። ጥርሱ በጣም ደቃቅ የሆነ ስስ መጋዝ ያስፈልጋል። የወርቅ ሠሪ መጋዝ ካለ በጣም ጥሩ ነው። መጋዝ ሲያልፍ ጥቂት ፕላስቲክ ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰውዬው በትንሹ ያጥራል። ያንን ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ በመሃል አስገብቶ መመለስ ይቻላል። እኔ ሁልጊዜ እመልሰዋለሁ። በ28 ሚሊሜትር ሰው ላይ አንድ ሚሊሜትር ትንሽ አይደለም።

ከዚያ የግራ እጁ መጣ። ሁለት እጅ የያዘው ጠመንጃ ለለዋጭ ፈተና ነው፤ አንዱን ክንድ ስትነኩ ሌላው ይበላሻል። የግራ እጁን ከጠመንጃው ላይ በጥንቃቄ ፈልፍዬ አወጣሁት። በቀረው ክፍተት የጠመንጃውን የታች ክፍል በፑቲ መልሼ ቀረጽኩ። በምትኩ ከቁርጥራጭ ሳጥኔ ውስጥ መዳፉን የዘረጋ እጅ አገኘሁ። ክንዱን ዝቅ አድርጌ መዳፉን ወደ ኋላ አዞርኩት። አሁን ዘቡ ከኋላው ላሉት ጓዶቹ ቁሙ የሚል ምልክት ይሰጣል። ጓዶቹን ሠርቼ አላቆምኩም፤ ምስሉን የሚያይ ሰው ግን እዚያ እንዳሉ ያውቃል። ይህን ያደረገው አንድ መዳፍ ነው። ቀለም ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ከማጣበቄ በፊት ሁሉንም ለጊዜው በሚይዝ ለስላሳ ማጣበቂያ አገናኝቼ ብዙ አየሁት። ከፊት ብቻ ማየት አይበቃም። አዙሩት። ከላይ እዩት፤ በጨዋታ ላይ ሰው የሚያየው ከላይ ነውና። አምፖል ፊት ይዛችሁ ጥላውን ግድግዳ ላይ ጣሉት። ጥላው ምን እየሆነ እንዳለ ከተናገረ አቋሙ ደህና ነው። ካልተናገረ ተመልሳችሁ ሥሩ።

ስለ ማጣበቂያ አንድ ቃል። የፕላስቲክ ሙጫ ሁለቱን ፕላስቲኮች አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ከደረቀ በኋላ መገጣጠሚያው ጠንካራ ነው። ብረትና ሬዚን (ከፈሳሽነት ጠንክሮ ፕላስቲክ የሚመስል ነገር) ላይ ግን አይሠራም። እነሱ ሱፐር ግሉ ይፈልጋሉ። ሱፐር ግሉ ደግሞ መጎተትን ይችላል፣ ምት ግን አይችልም። ስለዚህ የብረት ክንድ ወይም ክንፍ ስትቀጥሉ በሁለቱም በኩል በእጅ መሰርሰሪያ ወደ 1 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ አብጁና የነሐስ ሽቦ አስገቡበት። ከጠረጴዛ ቢወድቅም ይተርፋል። የድሮ የብረት ምስሎች ብዙዎቹ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለባቸው። እነሱን ስትሞርዱ ብናኙን እንዳትተነፍሱ፣ ሲያበቃም እጃችሁን በደንብ ታጠቡ።

ፑቲውን ደግሞ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ግሪን ስተፍ የሚባለው ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ነው። አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ። ሁለቱን እኩል አድርጋችሁ አንድ ዓይነት አረንጓዴ እስኪሆን ታሻላችሁ። ቢጫው ከበዛ ለስላሳና ተለጣጭ ይሆናል፤ ለቆዳና ለጨርቅ ይመቻል። ሰማያዊው ከበዛ ጠጠር ይላል፤ ለትጥቅ ጠርዝ ይሻላል። ከአንድ ሰዓት በላይ በእጅ ይታዘዛል። ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር 24 ሰዓት ያህል ስጡት። መሣሪያችሁን ሁልጊዜ በውሃ አርጥቡ፤ ደረቅ ብረት ላይ ይጣበቃል።

ለዘቡ ካባ አለበስኩት። ፑቲውን እርጥብ በሆነ ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ አሳስቼ ዘረጋሁት። ወዲያው አላነሳሁትም። ገና የታሸ ፑቲ ሲነሳ ይለጠጣል፣ ጣት የነካው ሁሉ ይታተምበታል። ግማሽ እስኪጠና ጠበቅኩት። ያኔ በስለት ቅርጹን ቆርጬ ትከሻው ላይ ጣልኩት። የጨርቅ እጥፋት ከሚይዘው ቦታ ይነሳል፤ ከትከሻ ወይም ከማሰሪያው ተነስቶ ወደታች እየሰፋ ይሄዳል። ትከሻው ስለዞረ እጥፋቱም አብሮ ተጠማዘዘ። የካባውን ጫፍ ወደ አንድ ወገን ትንሽ አነሳሁት፤ አሁን ገና እንደዞረ ይናገራል። ይህን ስሠራ ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ መጠን ላስጠንቅቅ። ለጨዋታ የሚሠሩት 28 ሚሊሜትርና 32 ሚሊሜትር ምስሎች ብዙ ጊዜ ራሳቸውና እጃቸው ሆን ተብሎ ተለቅ ተደርጎ ነው የሚቀረጹት። ከሩቅ እንዲለዩና ለመቀባት እንዲመቹ ነው። የሰውን አካል ትክክለኛ ምጣኔ ጠብቆ ከተሠራ የወታደር ሞዴል ራስ አምጥታችሁ ብትተክሉ የሕፃን ራስ ይመስላል። ቁጥሩ እኩል ስለሆነ ይገጥማል ብላችሁ አትመኑ። ራስን ከራስ ጎን አቁማችሁ አወዳድሩ።

አሁን ወደ ፕሪንተሩ። ጸሐፊው እኔን የፕሪንተር ጠላት አድርገው እንዲያዩኝ አልፈልግም። በእኛም ሙያ ፕሪንተር ገብቷል፤ ጥቅሙንም አውቃለሁ። በልክ የተሠራ እጅ፣ ልዩ ራስ፣ ያልተለመደ መሣሪያ ማተም ድንቅ ነው። ከዝርዝር ውስጥ አቋም መምረጥ ግን አቋም ማሰብ አይደለም። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ሰው ያየው ነው። በኮምፒውተር ራሳቸው የሚቀርጹ ሰዎች አሉ፤ እነሱን እጅግ አከብራቸዋለሁ፤ እነሱም ስለ ክብደትና ስለ ሚዛን ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ጀማሪ ግን ያንን ዓይን ከየት ያመጣዋል? ከአንድ ወታደር፣ ከአንድ መጋዝና ከጥቂት ፑቲ ያገኘዋል። ቁጥር ስክሪን ላይ ከመቀየር ይልቅ ራስ በእጅ ላይ ይዞ ማዞር ቶሎ ይገባል።

ከጽሑፉ ጋር የወጣው አንዱ ፎቶ ግን በእርግጥ አስደንግጦኛል። ከማሽኑ ገና የወጣ፣ ፈሳሽ ሬዚን የሚንጠባጠብበት ምስል በባዶ ጣት ተይዞ ይታያል። እባካችሁ ይህን አስተካክሉ። ያልጠነከረ ሬዚን አክሪሌት የሚባሉ ኬሚካሎች አሉበት። ቆዳን ያስቆጣሉ፤ ከዚያም የባሰው አለርጂ ማስለመዳቸው ነው። በእኛ ሙያ ይህ የታወቀ ችግር ነው። የጥርስ ቴክኒሻኖች ጣት ተሰንጥቆ፣ ቆዳው ተልጦ ሥራ እስከመቀየር የሚደርሱት በዚሁ የኬሚካል ቤተሰብ ነው። ሰውነት አንድ ጊዜ ከተቆጣ አይረሳም፤ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ያው ቤተሰብ በነጭ የጥርስ ሙሌትና በጄል የጥፍር ቀለም ውስጥም አለ፤ ስለዚህ ጣጣው ከመዝናኛው ጠረጴዛ አልፎ ይሄዳል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የናይትራይል ጓንት አድርጉ። ሬዚን ከነካው ቶሎ ቀይሩት፤ ኬሚካሉ ቀስ እያለ ጓንቱን ያልፋል። አየር በሚገባበት ክፍል ሥሩ። የታተመውን በአይሶፕሮፒል አልኮል እጠቡና ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር የአልትራቫዮሌት ብርሃን ስጡት። አብዛኛው ማሽን በ405 ናኖሜትር ብርሃን ነው የሚሠራው። ያጠባችሁበትን ፈሳሽ ቧንቧ ውስጥ አትድፉ። የጠነከረውን ሬዚን በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉ በውሃ አርጥባችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ ይሁን። ልጆች ያነበቡት ጽሑፍ ነውና ይህ ማስተካከያ በደንብ በሚታይ ቦታ ቢወጣ ደስ ይለኛል።

ስለ ቀለም ጸሐፊው የጻፉት ጥሩ ነው፤ ብዙ አልጨምርም። ቀለሙን በውሃ አቅጥኖ በስሱ ደጋግሞ መቀባት፣ ትልቅ ግን ጫፉ የሾለ ብሩሽ መጠቀም፣ ሁሉም ልክ ነው። በጣም ትንንሽ ብሩሽ ቀለሙ ጫፉ ላይ ይደርቅበታል፤ ጥሩ ጫፍ ያለው 1 ቁጥር ብሩሽ ዓይን ሳይቀር ይሥላል። የጎደለው ግን የተለወጠ ምስል የተለየ አቀባብ እንዳለው ነው።

የተለወጠ ምስል ሳይቀባ ሲታይ ዝብርቅርቅ ነው። ግራጫ ፕላስቲክ፣ አረንጓዴ ፑቲ፣ ቢጫ ነሐስ። ዓይን ቀለሙን እያየ ቅርጹን ማንበብ ያቅተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስስ ግራጫ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚነፋ መነሻ ቅብ፣ እነፋበታለሁ። ያኔ ሁሉም አንድ ይሆናል፤ የተደበቀው ስንጥቅ ሁሉ ይታያል። ስንጥቁን ሞልቼ፣ ፈትጌ እንደገና እነፋለሁ። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች ውብ ቀለም ከቀቡ በኋላ ነው አንገቱ ላይ ያለውን መስመር የሚያዩት። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ጥቁር ከሁሉም አቅጣጫ፣ ነጭ ደግሞ ከላይ ብቻ እነፋለሁ። ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ምስሉ ራሱ ያሳያል። ራሱ ስለዞረ ጥላው የሚወድቀው ሳጥኑ ላይ ባለው ፎቶ ቦታ አይደለም። አሁን የምትቀቡት የሠራችሁትን ነው፤ የሳጥኑን ፎቶ መከተል አትችሉም።

ጥርስ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ እንጀራዬ ነው። ጭራቅ የምትቀቡ ሁሉ እባካችሁ ጥርስን ነጭ አትቀቡ። እውነተኛ ጥርስ አንድ ቀለም የለውም። ከድዱ አጠገብ ሞቅ ያለ ቢጫ ነው። መሃሉ ፈካ ይላል። የፊት ጥርስ ጫፉ ላይ ብርሃን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ወደ ግራጫ ሰማያዊ ይሄዳል። እኛ ሴራሚክ ጥርስ የምንሠራው በስስ ንብርብር ነው፤ ከሥር የማያሳልፍ፣ ከላይ የሚያሳልፍ። ቀቢዎች ግሌዝ የሚሉት ያው ነው፤ በጣም የቀጠነ ቀለም በስሱ ማልበስ። ለአውሬ ጥርስ ከድዱ ጀምራችሁ ጥቁር ቡኒ አድርጉ። ወደ ጫፍ ስትሄዱ የአጥንት ቀለም። ጫፉ ላይ ፈዛዛ፣ ግን ከነጭ አንድ ደረጃ ያነሰ። በመጨረሻ ጥርሱ ላይ ብቻ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ጠብ አድርጉ፤ ሌላው ገላው ደብዛዛ ይሁን። አፉ እርጥብ ይሆናል፤ አውሬውም ሕይወት ይዘራል።

ጸሐፊው ስለ ውድድር አንስተዋል። ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ጎልደን ዲመን የተባለው የቀቢዎች ውድድር ታላቅ አሸናፊውን እውነተኛ መጠን ያለው ሰይፍ ይሸልማል። ከዚያ መድረክ የሚወጡ ፎቶዎችን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በሳጥኑ ላይ ካለው አቋም ጋር አንድ የሆነ ሥራ ብዙም አታገኙም። አንዱ ራስ ዞሯል፣ አንዱ እጅ ተነስቷል፣ ካባው አዲስ ነው። እነዚህ ሰዎች እንዲህ የሚያደርጉት ቀለም ስለማይበቃቸው አይደለም። ቀለሙ የሚያርፍበት ሰው ማን እንደሆነ አስቀድመው ስለወሰኑ ነው።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ጀማሪ ምን ይያዝ ለሚለው ጥያቄ የቀረበው ዝርዝር አሥራ ምናምን ቀለምና ፕሪንተር ይዟል። የእኔ ዝርዝር አጭር ነው። አንድ ሳጥን የፕላስቲክ ወታደር፤ ፕላስቲክ ከብረትም ከሬዚንም ይልቅ ለጀማሪ እጅ ይታዘዛል። ስለታም ቢላዋ። ስስ መጋዝ። የፕላስቲክ ሙጫ። ትንሽ ግሪን ስተፍ። ግሪን ስተፉ ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ተጣብቀው በጥቅልል ከመጣ፣ የተነካኩበትን የመሃሉን መስመር ቆርጣችሁ ጣሉት፤ እዚያ ቀድሞ ስለሚጠነክር ፑቲው ውስጥ ጠጠር ይሆናል። ከሳጥኑ የተረፈውን እጅ፣ ራስና ቦርሳ ሁሉ አስቀምጡ። አንዱንም አትጣሉ።

ከዚያ አንድ ራስ ብቻ አዙሩ። የመጀመሪያው ሥራ ይህ ይሁን። ቀጥሎ ትከሻ፣ ቀጥሎ ወገብ።

አዘጋጆችን አንድ ነገር ልለምን። በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ መዝናኛ ስታወጡ ያለቀለትን ምስል ብቻ አታሳዩን። ከመቀባቱ በፊት ያለውንም ጎን ለጎን አውጡት፤ ግራጫው፣ አረንጓዴው፣ የነሐሱ ሽቦ ሁሉ እንዲታይ። አንባቢ ምን እንደተቆረጠና ምን እንደተጨመረ በዓይኑ ያያል፤ ሊሞክረውም ይነሳሳል። ፎቶ ካስፈለጋችሁ የዘቡ አለኝ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና ከላይ አንስቼዋለሁ፤ ከቀለም በፊትም በኋላም። ክፍያ ይጠይቀን ይሆን ብላችሁ አትጨነቁ፤ በነጻ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ የጥርስ ቴክኒሻን